ማይ ሃቡኒ

አባቴ አማርኛ የጠፋበት ቀን እኔ በቆሎ ሳርም ውዬ ነበር። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ፤ ቋንቋ እንደ ዶማ ይጠፋል እንዴ ይሉኛል። ይጠፋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዕድሜዬ እየገፋ እንኳ ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

ከወሎ መጥተን አሶሳ አጠገብ ካሉት የሰፈራ መንደሮች ባንዱ ከገባን ሁለተኛው ክረምት ነበር። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። ጠዋት የተንጠለጠለው ብረት ሲደወል አቅም ያለው ሁሉ ወደ ጋራ እርሻው ይወጣል፤ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላኝ ልጅ ነኝና እኔም እወጣለሁ። አባቴን ወባ ጥሎታል። ክሊኒክ መርፌ ወግተውት ትኩሳቱ ቢበርድም ሁለት ቀን ሙሉ ራሱን ስቶ ቆየ። ጎረቤቱ ሁሉ “ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል” ይል ነበር።

ከአረም ስገባ እናቴ ከቀርከሃው አልጋ አጠገብ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። አባቴ ነቅቷል። ወደ ውሃው ቅል እየጠቆመ አየኝና፣

“ማይ ሃቡኒ” አለኝ።

“ምን አልክ አባዬ?”

“ማይ! ማይ ሃቡኒ!”

እየቀለደ መሰለኝ። አባቴ ቀልደኛ ነበር፣ የመንደሩን ካድሬ አካሄድ እያስመሰለ በሳቅ ሊገድለን የሚደርስ ሰው። ፊቱን ሳየው ግን የቀልድ ፊት አይደለም፤ ለምን እንዳልገባኝ እሱም አልገባውም።

“ከነቃ ጀምሮ እንዲሁ ነው” አለች እናቴ። “አንዲት ቃል አማርኛ አልወጣውም። ስናገረውም እንደ ባዳ ያየኛል። ልጄ፣ ሮጠሽ ቄሱን ጥሪልኝ።”

ቄሱ እንደኛው ሰፋሪ ናቸው፤ ቀን ቀን ሲያርሙ ነው የሚውሉት። መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ ወሬ የሰማው ጎረቤትም ተከትሏቸው ደጁን ሞላው። አባቴ አፍ ላይ ጆሯቸውን አስጠግተው ብዙ ሰሙት። ሊናገሩ ቀና ሲሉ ካድሬው እየገፋ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ካድሬው መናገር አለብኝ። ከትግራይ የመጡ ሰፋሪዎች ካሉበት ከአጎራባች መንደር ሰዎች በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን እየጠፉ አስቸግረውት ነበር። ትግርኛ መናገር ወንጀል ባይሆንም፣ ወሎዬ ነኝ ብሎ የተመዘገበ ሰው ድንገት ትግርኛ ቢናገር ስሙ ሰርጎ ገብ ነው። በዚያ ስም ከመንደራችን አንድ ሰው በላንድሮቨር ተጭኖ ሄዶ አልተመለሰም።

“ምንድን ነው የሚለው?” አለ ካድሬው። “ትግርኛ አይደለም እንዴ ይሄ?”

ደጁ ላይ ያለው ሰው ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

“ግዕዝ ነው ጓድ” አሉ ቄሱ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። “ማይ ማለት ውሃ፣ ሀቡኒ ማለት ስጡኝ።”

“ገበሬ ግዕዝ ከየት አመጣ?”

“በልጅነቱ የኔታ ዘንድ ተቀምጧል። እርስዎስ ዳዊት ደግመዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ይቺ ትጠፋዎታለች?”

ካድሬው ያን ሁሉ ሰው ዞር ብሎ አየ። “ኧረ አውቃታለሁ” አለ። “ታዲያ ምን ታዩታላችሁ? ውሃ ስጡት እንጂ!” ብሎ ወጣ።

ሰዉ ሁሉ እልል አለ። ሞቶ የተነሣ ገበሬ ግዕዝ ተገለጠለት ተባለ። ሰው ተበትኖ እኛ ብቻ ስንቀር ግን ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ግዕዝ ቢሆን ‘ማየ’ ነበር የሚለው። ‘ማይ’ ሲል ትግርኛ ነው። ከሁለቱ ቃል በላይ ትግርኛውን እኔም አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም እንዳትጠይቁ፣ አገር ይሰማል። ግዕዝ ነው በሉ፣ በዚያው ጽኑ።”

እናቴ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አባቴ ለአጨዳ ሥራ ከላስታ እንደመጣ ነግሯት ነው ያገባችው። “አሥራ ስምንት ዓመት!” አለች። “አሥራ ስምንት ዓመት ከማን ጋር ነው የተኛሁት? በእንቅልፉ ሲቃዥ እንኳ በአማርኛ ነበር የሚቃዠው!” እኔ ደግሞ ተናደድኩ። የታመመ ሰው ላይ መናደድ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ያሳደገኝን ሰው የማላውቀው ሆኖ አገኘሁት። ለምን እንደደበቀን ልጠይቀው ብል በምን ቋንቋ?

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ሰው ለምርቃት ይመጣ ጀመር። አባቴን ግድግዳ አስደግፈን እናስቀምጠዋለን፤ እነሱ ይንበረከካሉ። እሱ ያገኘውን እጅ ሁሉ ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚለው፦

“ናብ አደይ ውሰዱኒ።”

“አሜን!” ይላል ሰዉ።

ሴቶቹ “አደይ” የምትለዋን ይዘው ስለ አዲሱ ዓመት ነው የሚመርቀን፣ ዘንድሮ ጥጋብ ነው አሉ። ከተንበርካኪዎቹ መሐል የካድሬው ሰዎች አይጠፉም ነበርና አንድም ሰው እንዳይጠራጠር አሜኑን የምጀምረው እኔ ነበርኩ። አባቴ እያንዳንዳችንን በየተራ ያያል፣ ደግሞ ይላል፣ እኛም እንደግማለን። በመጨረሻ ያለቅሳል። ጸጋው በዝቶበት ነው ይባላል።

በቆሎው ሲሸለቀቅ ሞተ። ካድሬው ሳይቀር ቀብሩ ላይ ቆመ። እናቴ የቋንቋውን ነገር እስክትሞት ድረስ አላነሳችውም፤ እኔም እዚሁ አሶሳ አግብቼ፣ ወልጄ ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት ግን ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም ስለ አንጎል ሲያወራ ሰማሁ። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንጎሉ ሲጎዳ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ሊቀር ይችላል አለ። አንዳንዱ ዘንድ የሚቀረው በልጅነት የተማሩት ነው፣ አንዳንዱ ዘንድ ተቃራኒው ነው፤ ለምን እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ገና አልተስማሙም። እጄ ላይ የነበረው ሽንኩርት ወደቀ። አባቴ አማርኛን ሆን ብሎ ነፍጎን ሳይሆን አማርኛው ራሱ ጥሎት ሄዶ ነበር! እኔ በውስጤ በአማርኛ መናገር እየቻለ የተወን ይመስለኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መድኃኒት የምትሸጥልኝ ሴትዮ የመቀሌ ልጅ ናት። በማግሥቱ ሄጄ ያቺን ዓረፍተ ነገር አልኩላት፤ ያን ሁሉ ዓመት አንዲት ፊደል አልረሳሁም።

“እስቲ ድገሚው” አለችኝ። ደገምኩት።

“አደይ ነው ያለው ወይስ ዓደይ?”

ለእኔ ጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው። “ልዩነቱ ምንድን ነው?” አልኳት።

“አደይ ከሆነ ወደ እናቴ ውሰዱኝ ነው። ከጉሮሮው አውጥቶት ከሆነ ደግሞ ወደ አገሬ ውሰዱኝ ነው። ማነው ያለው?”

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ያን ሁሉ እሑድ እጃችንን ጨብጦ ሲለምነን አሜን አልነው፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ።