የሁለት ድስት ጭልፋ

ዛሬ ጠዋት ሰኞ ገበያ መሀል ፊሽካ ሰማሁና ቆምኩ። ቆምኩ ስላችሁ እንደ ጤነኛ ሰው ጥግ ይዤ የቆምኩ እንዳይመስላችሁ፤ አስፋልቱ መሀል፣ አንድ እግሬን አንስቼ፣ ያኔውኑ የገዛሁትን የእንጨት ጭልፋ ወደ ላይ እንደያዝኩ ድርቅ አልኩ። ፊሽካውን የነፋችው ትራፊኳ ነበረች፣ የነፋችውም ለአንድ ጥጋበኛ ባጃጅ ነበር፤ እኔ ግን የልጅ ልጅ ያየሁት ሽማግሌ የአባቴን ፊሽካ የሰማሁ መስሎኝ «ሂድ» እስክባል እጠብቃለሁ። «አባባ፣ ለባጃጁ እኮ ነው! ይሂዱ እንጂ!» ብላ ስትጮህብኝ ደንግጬ ዘለልኩ፣ ጭልፋው ከእጄ አመለጠ፣ ባጃጁም ላዩ ላይ ወጥቶ ለሁለት ሰበረው። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ሊያማስሉኝ ነበር እንዴ?» ሲለኝ ገበያው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ድምፅ ግን የትራፊኳ አልነበረም።

በልጅነቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ያ ፊሽካ ከአዛን ቀጥሎ የሚከበር ድምፅ ነበር። አባባ ሲነፋው ሁላችንም ባለንበት ደርቀን እንቀር ነበር፤ ጉርሻ ያነሳ ጉርሻውን እንደያዘ፣ ወንድሙን ሊመታ እጁን የሰነዘረም እንደሰነዘረ ይቆማል። ፊሽካ የማያቆማት እናቴ ብቻ ነበረች፤ «ሁሴን፣ እኔ ያንተ በረኛ አይደለሁም» ትለውና ሽንኩርቷን መክተፍ ትቀጥል ነበር።

ፊሽካው ከመምጣቱ በፊት ግን ግራ እግሩ ነበር። አባባ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራ ለፋብሪካው ቡድን ይጫወት ነበር፤ አገሩ ሁሉ «ግራው ሁሴን» ይለዋል። ማታ ማታ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ የኮምቦልቻን ሙቀት በልብሱ ይዞ ወደ ደሴ ብርድ ሲወጣ፣ እኔ መንገድ ላይ ጠብቄው ከኋላው እየተጀነንኩ እሄድ ነበር። ፀጉር ቤት ያሉት ሰዎች «ደሴ እያደርክ፣ የደሴን እንጀራ እየበላህ፣ ለኮምቦልቻ ታገባለህ? አታፍርም?» ሲሉት፣ «እናንተም በረኛ ግዙና ላፍርላችሁ» ይላቸው ነበር። እኔን እያዩ «የግራው ልጅ» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል፤ ወላሂ ያ ደረት በኋላም አልሟሸሸም፣ እግሩ ነው እንጂ የቀረብኝ። ኳስ ስመታ የሚሄደው ኳሱ ሳይሆን ጫማዬ ነበር፤ አንድ ቀን እንዲያውም ጫማዬን በረኛው ይዞልኛል።

አንድ ክረምት፣ ሜዳው ጭቃ በነበረበት ቀን፣ አባባ ኳስ ይዞ ሲታጠፍ ጉልበቱ አብሮት አልታጠፈም። በወሳንሳ ተሸክመው አመጡት፣ ወጌሻ እየተመላለሰ አሸው፣ እናቴ ቅቤ ቀብታ ጠመጠመችለት፣ ጉልበቱ ግን ለመራመድ እንጂ ለመሮጥ እሺ አላለም። መኸር ሲገባ ፋብሪካው አላባረረውም፣ ዘበኛ አድርጎ በር ላይ አቆመው እንጂ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ይዤለት ወርጄ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ የቡድኑ መኪና ተጫዋቾቹን ጭኖ ሊወጣ መጣ፤ አባባ እያነከሰ ሄዶ በሩን ከፈተላቸው፣ እነሱም ከላይ ሆነው «ጋሼ ሁሴን!» እያሉ እጃቸውን አውለበለቡለት፣ እሱም አውለበለበ፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ሲመለስ ምሳውን ሳይነካ ለእኔ ሰጠኝ። ሆዳም ነበርኩና ሙልጭ አድርጌ በላሁት። ፊቱን ያየሁት ሰሃኑን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያንን በር ጠላሁት።

ጥር ሲቃረብ የቡድኑ አሰልጣኝ ሥራ ለቅቆ ሄደ። ሌላ ሰው ሲጠፋ ሥራ አስኪያጁ አባባን ጠራውና «ሁሴን፣ ለዚህ ዋንጫ ብቻ ያዛቸው። ካሸነፍክ ሥራው ያንተ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ በሩ የትም አይሄድም» አለው። ፊሽካው ወደ ቤታችን የገባው ያን ዕለት ማታ ነው፤ እናቴ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ስትለው እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባቴ ሁለተኛ በር እንዳይከፍት።

የፍጻሜው ጨዋታ ደሴ ላይ፣ ከደሴ ልጆች ጋር ነበር። የኮምቦልቻ ልጆች ከሙቀታቸው ወጥተው በጥር ብርድ ደሴ ላይ ሲጫወቱ ከእረፍት በኋላ ሳንባቸው ይዘጋ ነበር፤ አባባ ይህንን ያውቃልና ከጨዋታው ቀናት ቀደም ብሎ ተጫዋቾቹን በሙሉ ሰብስቦ አመጣና እኛ ቤት አሰፈራቸው። እግር ማስገቢያ ጠፋ፤ እኔ ከበረኛውና ከግድግዳው መሀል ተጣብቄ አድር ነበር፣ ሰውዬው ደግሞ በሕልሙም ኳስ ይይዛል፤ ጭንቅላቴን ስንቴ እንዳዳነው አላህ ይወቅ።

በዋዜማው ሥጋ ይበሉ ተባለ። በእኛ አገር ሁሉ ነገር የጋራ ነው፣ ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱ ወገን ያረደውን ነው የሚበላው። ስለዚህ እናቴ ለሙስሊሞቹ አንድ ድስት ሠራች፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ደግሞ ለክርስቲያኖቹ ሌላ ድስት ሠርታ፣ ልጇን አስካለን ጭልፋ አስይዛ መጣች። ድስቶቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ተጫዋቾቹም እንደ ልማዳቸው በሁለት ክብ ተከፈሉ። አባባ ግን ምግብ አይታየውም፤ የሚታየው ሰይድ ነው። ሰይድ የአባባን የግራ ቦታ የተረከበ ፈጣን ልጅ ነበር፣ ኳስ ከያዘ ግን ለእናቱም አያቀብልም፤ በተለይ ወዲያ ማዶ ለሚቆመው ለገብሬ።

«ሰይድ፣ አንተ እዚህ ነህ» አለና አባባ ጭልፋውን ከእትዬ ዘውዴ ድስት ውስጥ አነሳ። «ተከላካዩ መጣብህ። ምን ታደርጋለህ?»

«እመታለኋ፣ ጋሼ።»

«አትመታም! ገብሬ ማዶ ብቻውን ቆሞልሃል! ከግራው ድስት ወደ ቀኙ ድስት ታሻግራለህ፣ እንዲህ!» ብሎ ጭልፋውን ከነመረቁ እናቴ ድስት ውስጥ ዘፈቀው፤ ዘፍቆም አማሰለ፤ አማስሎም «ገብሬ ደግሞ ከዘጉበት መልሶ ይሰጥሃል» እያለ ወደ እትዬ ዘውዴ ድስት መለሰው።

«በነቢ!» አለች እናቴ። «በእመብርሃን!» አለች እትዬ ዘውዴ። አባባ ጭልፋውን አየ፣ ድስቶቹን አየ፣ ከዚያ ግራ ሲገባው ፊሽካውን ነፋ፤ ግን ሁሉም አስቀድሞ ደርቆ ነበር። ያ ሁሉ ወጥ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የማይሆን ሆነ፣ ተጠቃሚዎቹም ሃይማኖት የማይጠይቁት የሰፈሩ ውሾች ሆኑ።

በቤቱ የቀረው ሽሮ ነበር። ሁለቱ ሴቶች እየተሳደቡና እየሳቁ በአንድ ምድጃ ሠሩት፣ በአንድ ትልቅ ትሪ አቀረቡትና ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ክብ ተቀመጠ። ከትሪው ጥበት የተነሳ ሰይድና ገብሬ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ፤ ሰይድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ገብሬ አፍ ውስጥ ሲከትለት አባባ «ይኸው! ማቀበል ትችላለህ ለካ!» ብሎ ጮኸ፣ ሳቁም ጣሪያውን አነቃነቀው። ሲያበቃ ግን ጭልፋውን የሚወስድ ጠፋ፤ እትዬ ዘውዴ የሙስሊም ሥጋ ነክቶታል፣ እናቴም የክርስቲያን ሥጋ ነክቶታል ብለው ሁለቱም ቤቴ አይገባም አሉ። ጠዋት አባባ ይዞት ወጣ። «ጭልፋዬን ትክሰኛለህ!» አለችው እትዬ ዘውዴ ከበሯ ላይ ሆና። «ዋንጫውን ላምጣና!» አላት።

ሜዳው በጉም ተሸፍኖ ነበር። የደሴ ደጋፊ «ጋቢ እናምጣላችሁ?» እያለ ኮምቦልቻዎቹን ሲያበሽቃቸው፣ እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ ላይ ለኮምቦልቻ እየጮህኩ ጆሮዬን ሁለት ጊዜ ተቆነጠጥኩ። ከእረፍት በኋላ ልጆቻችን አላሳሉም፤ ጎል ግን የለም፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሆነ፣ ዓይኔም ላይ ያ የፋብሪካ በር ተደቀነብኝ። ድንገት ሰይድ ኳሷን ይዞ በግራ በኩል ገባ፣ ተከላካዩ መጣበት፣ ሊመታም እግሩን ወደ ኋላ ሳበ። አባባ ከመስመሩ ላይ ጭልፋውን አንስቶ «ድስት ቀይር!» ብሎ ጮኸ። የደሴ ተጫዋቾች ምን አለ እያሉ ሲተያዩ ሰይድ ኳሷን ወደ ማዶ አሻገራት፣ ገብሬም ጎል ውስጥ ከተታት።

ማታውን ዋንጫውን ይዘን በመኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ እኔም አባባ ጭን ላይ ነበርኩ። ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ አባባም ከልማዱ የተነሳ በሩን ሊከፍት ዘሎ ሊወርድ ሲል፣ ሰይድና ገብሬ በግራና በቀኝ ኮቱን ይዘው «ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ!» ብለው አስቀሩት። በሩን ሌላ ሰው ከፈተው። የአባባ እጅ ትከሻዬን እንዴት አጥብቆ እንደያዘው ዛሬም ይሰማኛል።

ከዚያ ወዲህ እስኪያረጅ አሰለጠነ። በልግ ሲመጣ ሕፃናት ይሰበስባል፣ በጋ ሲሆን ዋንጫ ያመጣል፤ በየዋዜማው ቡድኑን በአንድ ትሪ ሽሮ ያበላል፣ ሜዳ ዳርም ያንኑ ጭልፋ ይዞ ይቆማል። ተጋጣሚዎቻችን «ሽሮ በሎች መጡ!» ብለው ይስቁብን ነበር፤ ሲመለሱ ግን አይስቁም። እናቴ በስተርጅና «ሁሴን፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ያኔ ሆን ብለህ ነው አይደል?» ስትለው ፊሽካውን ነፋባት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመችለት።

ዛሬ ቡድኖቹ ሆቴል ያርፋሉ፣ አሰልጣኞቹም በስልካቸው ላይ መስመር እየሳሉ ያስረዳሉ፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ጫማቸውም እንደ እኔ አይበርም። ስታዲየም ስሄድ ግን ዓይኔ ሳያስበው በመስመሩ ላይ ጭልፋ ይፈልጋል። ያ ጭልፋ ቤቴ ግድግዳ ላይ ከአባባ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። ሊሰናበተን ሲል «ሙሄ፣ የዘውዴን ጭልፋ አደራ» ብሎኝ ነበር፤ እትዬ ዘውዴም ካረፈች ቆየች፣ ወራሿ አስካለ ግን ባገኘችኝ ቁጥር «ጭልፋችንስ?» ትለኛለች። አንዴ የላስቲክ፣ አንዴ የብረት ብወስድላት «እናቴ ያዋሰችው እንጨት ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ዛሬ እንጨቱን ገዝቼላት ነበር፣ እሱም ሳይሆን ቀረ። ስብርባሪውን ይዤ ደጇ ሄጄ የሆነውን ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ሙሄ፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላም የሚያቆምህ ያባትህ ፊሽካ ነው? እንግዲያማ ሌላ ሰኞ አለ፤ እጠብቃለሁ» አለችኝ።

አንድ ጭልፋ አለብኝ።