የአውራጁ ቦታ

መርሳ ገበያ ላይ ሰልባጅ እሸጣለሁ። ሙዚቀኛ ነኝ ብዬ ለደንበኛ ተናግሬ አላውቅም፤ ሱሪ ገዢ ስለ ሻጩ ብዙ ባወቀ ቁጥር ዋጋ ያስቀንሳል። ግን ባንድ ነበረን። እኔ ቤዝ፣ አንድ መካኒክ ክራር፣ አንድ ባለባጃጅ ከበሮ፣ አንድ የሀብሩ ገበሬ ልጅ ደግሞ ድምፅ። ክራሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ የሚጮኸውም በተቃጠለ አምፕሊፋየር ነው። እስኪጠገን ብለን ጀመርን፣ ሳይጠገን ለመድነው። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ ሰምቶን «እንዲህ እየጮኹ መዝፈን እኮ ፓንክ ይባላል» አለን። ውጭ አገር ስም ያለው ነገር መሥራታችንን ስናውቅ ትንሽ ኮራን። የሰርግ ጥሪ ግን አልጨመረልንም።

አሠራሩ የአገራችን ነው። አውራጅ ያወርዳል፣ ተቀባይ ይቀበላል። ልጁ ያልመጣውን ማዳበሪያ፣ የጠፋውን መብራት፣ ስብሰባ የማይሰለቸውን ሹም እየጠራ ይራገማል፤ እኛ ሦስታችን «አለን፣ ገና አለን» እያልን እንቀበላለን። ግጥሙ እዚያው በቆመበት ነው የሚመጣለት። የትናንቱን ዛሬ አይደግምም፣ «የተደገመ ይበርዳል» ብሎ በስልክ እንኳ አያስቀዳም። ስለዚህ የሱን ቃል የያዘ ከመሀላችን አልነበረም። የአውራጅን ግጥም መሸምደድ የሰው ማሳ ገብቶ እንደማረስ ነው፤ ማንም ሞክሮት አያውቅም።

ከዚያ ልጁ ሄደ። በጅቡቲ በኩል አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ። ውርጌሳ ላይ መኪና ሲሳፈር እንኳ ለማንም አልነገረም፤ የደወለልኝ ከባሕሩ ዳር ነው።

«አያ፣ አትቆጣ» አለኝ።

«አልቆጣም። ላንድ ጊዜ እቀዳለሁ ስላልክ ወልድያ ስቱዲዮ ይዘናል፤ ማን ሊያወርድልን ነው?»

«እናንተ የተቀባዩን ቅዱ። ቦታዬን ክፍት ተዉልኝ። ስደርስ ድምፄን በስልክ እልካለሁ።»

«እዛ የምትልክበት ፋታ የሚሰጥህ አለ?»

«አብሽር አያ። ዛሬ እንሻገራለን።»

ስልኩ ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው።

ስቱዲዮው ከቀለም መሸጫ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነች፤ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል። ባለቤቱ ዕቃውን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሊገባ ስለነበር ወይ ያን ሳምንት መቅዳት ነው፣ ወይ መተው። ለመሄድ በተነሳንበት ጠዋት ባለባጃጁ ወሬ ይዞ መጣ። ልጁ ከደወለበት ዳር የተነሳች ጀልባ ተገልብጣለች። የትኛዋ እንደሆነች፣ እነማን እንደነበሩባት፣ ነጋሪው አላወቀም። ወሬው ውስጥ የተረጋገጠው ነገር ባሕሩ ብቻ ነበር። መካኒኩ ክራሩን የወልድያው ሚኒባስ ላይ ጫነ፤ እኛም ተከተልነው።

ባለስቱዲዮው ማይኩን አቁሞ «ዘፋኙስ?» ሲል ጠየቀ።

«መንገድ ላይ ነው» አለ ባለባጃጁ። ውሸት ይሁን እውነት እሱም አያውቅም።

ያስቸገረን ለሱ የምንተወው ባዶ ርዝመት ነው። ልጁ ሲያሻው ሁለት ቃል ወርውሮ ያቆማል፤ ከተናደደ ደግሞ ከመርሳ ተነስቶ ወልድያ እስኪደርስ አያቆምም።

«አጭር ይሁን» አልኩ። «በስልክ ለሚልክ ሰው አጭር ይሻለዋል።»

«አንተ ደግሞ ሁሉን እንደ ጨርቅ ትለካለህ» አለኝ መካኒኩ። «ደክሞት ነው የሚደርሰው። ትንፋሽ መሰብሰቢያ ስጠው።»

ረጅም ተደረገ።

ጀመርን። ክራሩ እንደ ልማዱ ያለቅሳል፣ እኔ ቤዜን እደበድባለሁ። የሱ ቦታ ሲደርስ ሁላችን እንተውና ከበሮው ብቻ በቀስታ ይቀጥላል። ሦስት ጎልማሶች እንቁላል ካርቶን ላይ አፍጥጠን እንጠብቃለን። ከዚያ «አለን፣ ገና አለን»። መድረክ ላይ ይሄን ስንል ፉከራ ይመስለን ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች እንደ መጣራት ነበር።

ባለስቱዲዮው ማዳመጫውን አወለቀ። «ይሄ መሀሉ ቀዳዳ ነው። ማን ይገዛችኋል?»

«የተቀደደ ጂንስ ከደህናው አስበልጬ ነው የምሸጠው» አልኩት። ማንም አልሳቀም። እኔም።

«እሺ፣ ለጊዜው አንዳችሁ ሙሉት። ሲመጣ ይጠፋል» አለ ባለስቱዲዮው።

ባለባጃጁ ለሰው እሺ ማለት ይወዳል። ተራው ሲደርስ አፉን ከፍቶ ሁለት ቃል እንዳለ መካኒኩ የማይኩን ገመድ ነቀለው።

«የሞተ ሰው ቦታ ነው የሚሞላው» አለ።

ከዚያ በኋላ የመሙላትን ነገር ማንም አላነሳም። ያሉንን ዘፈኖች ሁሉ እንዲያ ቀዳዳቸውን ይዘን ቀዳናቸው። ባለስቱዲዮው ስልኬ ላይ ጫነልኝና ወዲያው ገመዱን ይጠቀልል ጀመር። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስታችን ሦስት ወንበር ላይ ለየብቻ ተቀመጥን። ባንዱ ያበቃው እዚያ መሰለኝ፤ አበቃ ብሎ የተናገረ ግን የለም።

የልጁ እናት በደህናው ጊዜ «ጅን የያዛችሁ» ነበር የሚሉን። የገበያ ዕለት ከገጠር ሽንኩርት ይዘው ይመጣሉ። ያን ሰሞን ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ እኔ ዘንድ መጡ።

«የልጄን ዘፈን ቀድታችኋል አሉ። አሰማኝ።»

«እማ፣ ድምፁ እኮ የለበትም።»

«ቦታው አለበት አሉኝ። አሰማኝ።»

ስልኬን ዋጋ ከምጠራበት ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁት። ያልተፈታ የልብስ ቦንዳ ላይ ተቀምጠው ሰሙ። ባዶው ሲደርስ አንገታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ሰበር አደረጉ። «አለን፣ ገና አለን» ስንል ቀና ብለው አዩኝ።

«እናንተስ አላችሁ» አሉ።

ዘፈኑ አለቀ።

«ሽማግሌዎቹ ሰደቃ አውጪለት ይሉኛል። ወላሂ፣ መሞቱን ያየ ሳይኖር? ሰደቃውን ካወጣሁ እኮ እኔው ቀበርኩት ማለት ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

ገበያ ላይ ዋጋ ተጠይቄ አፌ ተይዞ አያውቅም። «እንጃ እማ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ገበያ በዋለ ቁጥር ይመጣሉ። እኔም ዋጋ መጥራቴን ትቼ እከፍትላቸዋለሁ። ባዶው ሲደርስ ሸሚዝ የሚያገላብጡት ቀና ይላሉ፤ «ተበላሸብህ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። «አልተበላሸም» እላለሁ። ገዢ ይሄዳል፤ ይሂድ። ከሳውዲ የሚመለስ ሰው በተገኘ ቁጥር ልጁን እጠይቃለሁ። ያየው የለም።

ባለፈው ገበያ እናቱ ሲመጡ ከስተው ነበር። እንደ ሁልጊዜው ቦንዳው ላይ ተቀምጠው አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ልጄ» አሉ፤ «ዝምታው ረዘመብኝ። ማሳጠር አይቻልም?»

«የቀዳው ሰውዬ ሄዷል እማ። አሁን የሚያሳጥረው የለም።»

«ማነው እንዲህ ያስረዘመው?»

«እኛው ነን። ደክሞት ነው የሚደርሰው ብለን ነው።»

ዘንቢሉን ከጭናቸው ላይ አንስተው መሬት አስቀመጡና ቦንዳው ላይ ተመቻቹ።

«እንግዲያውስ ድገመው» አሉ።