የቢልቂስ ሽማግሌዎች

ቢልቂስ ኮምቦልቻ ውስጥ እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ ከዲግሪዋ ይልቅ ምላሷ የሚታወቅላት ልጅ ናት። ለተማሪዎቿ፣ "ቡድን፣ ኮሚቴ፣ ቤተሰብ ሲባል መጀመሪያ ጠባዩን እዩ፤ እንደ አንድ ሰው ከሆነ በነጠላ 'ኢት' በሉት፣ ሁሉም በየፊናው ከሮጠ በብዙ 'ዘይ' በሏቸው" ትላለች።

ባለፈው እሑድ ከሐርቡ ሽማግሌ ተላከባት። ሽማግሌ የላከውን ልጅ ትወደዋለች፤ የምትፈራው ቤተሰቡ ከማስተማር እንዳያስቀራት ነው። እናም የሽማግሌዎቹ ምርቃት ሳያልቅ ከጓዳ ብቅ አለችና፣

"አባቶቼ፣ ካገባሁ በኋላ አስተምራለሁ?" አለች።

"ኢንሻ አላህ! ምን ከልክሎሽ?" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጅ ሂሻም።

"ወላሂ አይሆንም! ቤቱን ማን ሊይዝ?" አሉ የልጁ አጎት።

ሦስተኛው ሽማግሌ፣ "እኔ እንኳ ምሳ አለ ብለውኝ ነው የመጣሁት" አሉ።

ቢልቂስ ሳቋን በሻሿ ሸፍና፣ "እናንተማ ገና 'ዘይ' ናችሁ። እስቲ ውጭ ተማከሩና 'ኢት' ሆናችሁ ግቡ" አለቻቸው። አባቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ሽማግሌዎቹ ቃሉ ባይገባቸውም ወጡ። ጭቅጭቃቸው ሰፈሩን አዳረሰ። ሲመለሱ የተናገሩት ሐጅ ሂሻም ብቻ ናቸው፤ "ታስተምር ብለናል።"

ማን እንዳስማማቸው የታወቀው፣ ሦስተኛው ሽማግሌ ለምሳ እጃቸውን ታጥበው ከኋላ ሲገቡ ነው።