ወደ ግራ ነው አልኩሽ

ከአባት ጋር ሥራ መጀመር ትልቅ ስህተት ነው። ይህን የምለው ከቡራዩ ተነስቼ በአስኮ፣ በዊንጌት፣ በአዲሱ ገበያ ታክሲ እየቀያየርኩ ስድስት ቅዳሜ ሱሉልታ ከተመላለስኩ በኋላ ነው። ስድስቱንም ቅዳሜ የተጨቃጨቅነው በአንድ ነገር ነው፤ በችንካር።

አባቴ በወታደርነታቸው ዘመን የመገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። መልእክት ጠላት እንዳያነበው የሚቀየርባት፣ በእጅ የምትዞር የምስጢር መኪና ነበረቻቸው። ውስጧ ስድስት መዘውሮች አሉ። በየመዘውሩ ዙሪያ የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል፤ በየፊደሉ አጠገብ ደግሞ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚገፋ ትንሽ ችንካር አለ። ወደ ቀኝ የተገፋው ይሠራል፤ ወደ ግራ የተገፋው ዝም ይላል። የዕለቱ ቁልፍ የሚባለው አንድ ወረቀት ነው። የትኞቹ ፊደላት እንደሚገፉ ይዘረዝራል፤ ወዴት እንደሚገፉ ግን አይናገርም፤ የቀሩት በተቃራኒው በኩል ይሆናሉ። ላኪና ተቀባይ እኩል ካልሞሉት የሚወጣው የፊደል ትርኪ ምርኪ ነው።

እኔ ደግሞ ፕሮግራመር ነኝ። ይህችን መኪና በኮምፒውተር የሚያስመስል ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራመሮች ወስደው የሚጠቀሙበት ኮድ፣ እየጻፍኩ ነበር። መዘውሮቹን ማዞር አላስቸገረኝም። ያንገበገበኝ ቁልፉ ነው። ለእያንዳንዱ ችንካር «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብዬ መመዝገብ አለብኝ። ወረቀቱ ላይ የተዘረዘረው ፊደል የቱ ነው? መኪናዋን በዓይኑ ያየ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«ወደ ግራ ነው የሚገፋው» አሉኝ፣ ለአፍታ እንኳ ሳያስቡ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስንት ጊዜ ሲገፋ አይቻለሁ! ወደ ግራ ነው አልኩሽ!»

እሺ ብዬ የተዘረዘሩትን ሁሉ «አይሠራም» አልኩ። ለመፈተኛ ደግሞ አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ያስቀመጡት ደብተር ነበረ። በውስጡ የአንድ ቀን ቁልፍ፣ በሬዲዮ የተቀበሉት መልእክት፣ ከመኪናዋ የወጣላቸውም ትርኪ ምርኪ ተጽፏል። ላይብረሪዬ ያንኑ ትርኪ ምርኪ አንድ ፊደል ሳያዛንፍ አወጣው። በደስታ ዘለልኩ። አባቴ ከእኔ ባሰባቸው።

«አየሽ? መኪናዋም ልክ፣ እኔም ልክ! ቆሻሻ የላከው ያ ሰውዬ ነው!»

ያ ሰውዬ የሚሉት በአንድ ጠረጴዛ አብሯቸው የሠራውን ጓደኛቸውን ነው። አባቴ ወደ ሌላ ጣቢያ ከተዛወሩ በኋላ ያንን መልእክት የላከው እሱ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ እያነከሰ በእግሩ መጣና «ጠርቼህ አልነበረም?» አላቸው። እሳቸውም «የላክኸው ትርጉም የለውም» አሉት። በዚያው ተኳረፉ። አሁን እሱ ሰበታ ነው የሚኖረው፤ እግሩም እንደማይታዘዘው ሰምተናል። አባቴ የእናቴ ለቅሶ ላይ እንኳ እንዳይጠራ አድርገዋል። ማስረጃቸው ይህ ደብተር ነው፤ እኔ ደግሞ በኮምፒውተር አጸናሁላቸው።

ላይብረሪውን ለሕዝብ ስለቀው አንድ የማላውቀው ሰው «ችንካሮቹን ገልብጠሻቸዋል» ብሎ ጻፈልኝ። ምስክር አለኝ ብዬ ጥቆማውን ዘጋሁበት። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሜ ዘጋሁ። ሦስተኛ ሲጽፍ ተናድጄ ሱሉልታ ሄድኩ። «አባዬ፣ ሰው እየሰደበኝ ነው፤ በደንብ ያስታውሱ» ስላቸው በንዴት ቡፍ አሉ። አንቱ እያሉ መጨቃጨቅ ምን ያህል አንጀት እንደሚያሳርር የሞከረው ያውቀዋል።

በስድስተኛው ቅዳሜ ከካርቶን መዘውር ቆርጬ፣ ዙሪያውን የክብሪት እንጨት ሰክቼ ሄድኩ። እንጨቶቹ ሲገፏቸው ወዲያና ወዲህ ይላሉ።

«ኮቱ» አሉኝ፣ በኦሮምኛ ነይ ሲሉኝ፤ «ተቀመጪ።» ወንበራቸውን ጎትተው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ትይዩዬ ተቀመጡና ደብተሩን ገለጡ። «ቢ! ግፊ!»

ወደ ግራ ገፋሁ።

«ወደ ግራ አልኩሽ እኮ!»

«ወደ ግራ ነው እኮ የገፋሁት!»

«ምን ዓይነት ልጅ ናት!» ብለው በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርተው ክብሪቷን ራሳቸው ገፏት። ወደ እሳቸው ግራ። ወደ እኔ ቀኝ።

ንዴቴ ባንዴ ጠፋ። «አባዬ፣ ሁልጊዜ እዚያ ማዶ ነበር የሚቀመጡት?»

«ኤዬ፣ አዎ። አንባቢው እኔ ነኝ። ያ ሰውዬ መኪናዋ ፊት ተቀምጦ ይገፋል።»

«ይህ መልእክት የመጣ ቀንስ ማን ገፋ?»

«የኛ ገፊ ወባ ጥሎት ነበር። እኔው መኪናዋ ፊት ተቀምጬ...»

ከማዶ ሆነው ግራ ያሉት ለገፊው ቀኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ራሳቸው ወደ ግራቸው ገፍተዋል። እኔ ላፕቶፑን ከፍቼ አንዲት ቃል ብቻ ቀየርኩ፤ «አይሠራም» የነበረውን «ይሠራል» አደረግኩት። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ወጣ። ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

«እግሬ ቆስሏል። ድልድዩ ጋ መኪና ላክልኝ። እስክትመጣ እጠብቃለሁ።»

በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። እባክዎ ይከራከሩኝ እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው፤ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ የጠላሁት ክርክር ያን ጊዜ ናፈቀኝ። እሳቸው ግን ደብተሩን ዘጉና ከአልጋው ሥር ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር።

«ሰበታ ስንት ታክሲ ነው?»

«አራት ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው። «ደውለን ብንሄድ አይሻልም?»

«ምን ብዬ ነው የምደውለው?»

አንዱን ጫማ አጥልቀው ማሰሪያውን ሳያስሩ ሌላውን መፈለግ ጀመሩ። ጎንበስ ብዬ አሰርኩላቸው።

«አሁንም የሚጠብቀኝ ይመስልሻል?» አሉኝ።