ዝም ያለውን ጠይቂ

ለመካከለኛ ደረጃ መምህርነት ኮሌጅ ስማር፣ ካርቲየ 3 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ባለው ቤታችን ተማሪዬ አጎቴ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሒሳብ ትምህርቴን በፈረንሳይኛ ስለማመድ ያዳምጠኛል። "እጁን ያወጣውንማ ማንም ያስተምረዋል፤ አንቺ ዝም ያለውን ጠይቂ" ይለኝ ነበር።

ለሕክምና ድሬዳዋ ሄዶ እዚያው አረፈ፤ ዘመዶቻችንም እዚያው ቀበሩት። እኔ ግን "ጋሼ እንዴት ነው?" ስል እናቴ "ተሽሎታል" ትለኛለች። የመጨረሻውን ፈተና በጨረስኩ ማግስት፣ በማለዳ ተሰብስበው መጥተው አረዱኝ። የደበቁኝ ለእኔ አዝነው ነው አሉ።

በርጩማው ላይ አንድ ለቅሶ ደራሽ ሊቀመጥ ሲል አስነሳሁት። "ነውር ነው" አሉኝ። እናንተ ስለ ነውር ታወራላችሁ?

ጋሼ እንዳስተማረኝ ዝም ያላችሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ። እኔ አፈር ሳላለብሰው እንዲቀበር ማን ፈቀደላችሁ?