አባቴ በካፒታል የጻፈው ቃል

ስልኬ ላይ በእንግሊዝኛ መልእክት ስጽፍ የመጀመሪያዋን ፊደል ስልኩ ራሱ ካፒታል ያደርጋታል። ማንም አይለፋባትም። ይህን ባየሁ ቁጥር የራሰ የበቆሎ ጆንያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣብኛል።

የነቀምቴን ክረምት ያላየው አያውቀውም። አባቴ እዚያ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። ከወሎ ሲመጣ ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ በአማርኛ ስሙን መጻፍ የተማረው እዚያው፣ ጎልምሶ ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ደግሞ እንግሊዝኛ አማረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መጋዘኑ በር ላይ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ አስጽፈው ነበር።

«ካፒታል የሚገባው የቱ ነው?» ይለኛል።

«የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የሰው ስም፣ የአገር ስም።»

«ልጅ የሚለውስ?»

«እሱ በትንሹ ነው አባ።»

ትንሽ አሰበና «እንግሊዞቹ ልጅ አይወልዱም እንዴ?» አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

አንድ ቀን ወላጅ የሚሞላው የእንግሊዝኛ ቅጽ ተሰጠን። ሌሎቹ ለታላላቆቻቸው ሰጡ። አባቴ ግን «እኔው ነኝ የምሞላው» ብሎ ቅዳሜን ሙሉ ተቀመጠበት። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ «ልጄ» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ፣ ልጅ የምትለዋን ቃል በትልቅ፣ በጥንቃቄ በተሳለ ካፒታል ጀመራት።

ሰኞ ዕለት የእንግሊዝኛ መምህራችን ቅጹን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ። ቃሏን በቀይ ከቧታል። «ይቺን ካፒታል ምን አመጣት? ማነው የሞላው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «አባን ኬ ነው? አባትሽ?» አለችኝ። ፊቴ ነደደ።

«አባቴ አይደለም» አልኩ ጮክ ብዬ። «የሰፈር ዘበኛ ነው የሞላልኝ።»

መምህሩ ወደ በሩ ሲዞር እኔም ዞርኩ። አባቴ ረስቼው የሄድኩትን ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፤ ከባርኔጣው ውሃ ይንጠባጠባል። ገብቶ ጃንጥላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ለተማሪዋ ነው» ብሎ ወጣ።

አልተቆጣኝም። ነገሩን አንድም ቀን አላነሳውም። ስለ ካፒታል ግን ዳግመኛ አልጠየቀኝም፤ የሲሚንቶ ወረቀቱም ከመጋዘኑ በር ጠፋ።

ከወራት በኋላ መታወቂያውን ሊያሳድስ አብሬው ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ብዕር አቀበለችው። «ኦቦ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«መጻፍ አልችልም፣ ልጄ» አላት።

የአሻራውን ቀለም አስጠጋችለት። ስሙን አሳምሮ የሚጽፈው አባቴ አውራ ጣቱን ነክሮ ወረቀቱ ላይ ጫነ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። «ይችላል እኮ» ማለት አቃተኝ።

ስንወጣ ሰማያዊ የሆነ ጣቱን በኮቱ ጫፍ እየጠረገ «ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

በሁለተኛው ዓመት አረፈ። ስለዚያ ሰኞ ከ«ምንም» ሌላ የነገርኩት የለም።