ስምንት አጫጅ፣ አንድ አውድማ

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ስለ ተማረ ሰው ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። ያጎደልኩትን እናንተ ሙሉበት። ጎረቤቴ ነውና ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ዓባይነህ የአቶ አራጌ ልጅ ነው፤ መካነ ሰላም ኮምፒውተር ይማራል። የመመረቂያ ሥራው አንድን ስሌት ለብዙ ሠራተኛ አካፍሎ ፍጥነቱን መለካት ነበር። በኮምፒውተሩ ሆድ ስምንት ሠራተኛ አለ፤ ኮር ይሉታል። የአገሩን የዝናብ ቁጥር አንዱ ብቻውን በሰማንያ ሴኮንድ ደመረው፤ ስምንቱ ተካፍለው በአሥራ አንድ።

አቶ አራጌ ደረታቸውን ከታመሙ ከርመዋል። ሐኪሙም ለቤተሰቡ «ከክረምቱ ማለፋቸውን እንጃ» ብሏል። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ በሰኔ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ልጃቸው ሲመረቅ ማየት። ሚስታቸው ሐረግ ገና በግንቦት ጋቢውን አጥባ አጥር ላይ አስጥታዋለች።

«ሰባት እጥፍ ፈጠነ አባዬ!» አለ ዓባይነህ ሊጠይቃቸው ቤት መጥቶ።

ሽማግሌው የደቦ አለቃ ነበሩ። «ሰባት? ወግድ!» ብለው ሳቁ፤ ሳሉም። «ስምንት አጫጅ ጠርቼ ሰባት እጥፍ የታጨደልኝ ዓመት የለም። አንዱ ማጭዱን ይስላል፣ አንዱ ወሬ ይሰልቃል፤ ነዶውን ተሸክመው ሲመጡ ደግሞ አውድማው አንድ፣ ተራ መጠበቅ ነው። እስቲ ያን ብቻውን ያጨደውን ጠይቀው፤ ታሞ እንዳይሆን።»

ዓባይነህ ደብተሩን ገለጠ። ከሰማንያው አጠገብ በራሱ እጅ «መብራት የለም» ይላል። ለካ አንዱን የለካው በባትሪ ነው፤ ማሽኑ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ሲያዘግም። ስምንቱን መብራት ከመጣ ወዲያ። መብራት ካለበት ወፍጮ ቤት ሄዶ ኮምፒውተሩን ሰክቶ ሁለቱንም እንደገና ለካ፤ አንዱ ሠላሳ ስምንት፣ ስምንቱ ያው አሥራ አንድ።

ስህተቱን ደውሎ ሲነግራቸው መምህሩ ሁዜይፋ «የመመረቂያ ወረቀትህ ገብቷል። ካወጣኸው ልኬቱ ሁሉ እንደ አዲስ ነው፤ ምረቃህም ለከርሞ። እንግዲህ አንተው እወቅ» አሉት።

ተመልሶ አባቱ እግር ሥር ተቀመጠ።

«ስንት ሆነ?»

«ሦስት ተኩል እንኳ አይሞላ። ላስተካክለው ካልኩ ደግሞ... ለከርሞ ነው አባዬ።»

«አሁን ደቦ መሰለ» አሉ አቶ አራጌ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሐረግ፣ ጋቢውን አስገቢው።»

ሐረግ አላስገባችውም፤ አንጀቷ እንቢ አላት።

በማግስቱ ጠዋት ዓባይነህ ጋቢውን ከአጥሩ አወረደ። አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተውና ኮምፒውተሩን አዝሎ፣ ወረቀቱን ሊያስመልስ ወደ መካነ ሰላም ሄደ።